የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችና የንግድ ውሎች አዘገጃጀት

በአገራችን የሚዘጋጁ አብዛኞቹ የንግድ ውሎች፣ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና መሆኑን በሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይደመደማሉ። ዓረፍተ ነገሩ ከአንዱ ውል ወደ ሌላው እየተገለበጠ ለብዙ ዘመን ሲተላለፍ የቆየ በመሆኑ፣ የሚጽፈውም ሆነ የሚፈርመው ሰው አንቀጾቹን ገልጦ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠር መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 2005 ደግሞ በጽሑፍ የሆነ ሰነድ ስለሚኖረው የማስረጃነት ዋጋ የሚመለከት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹን በውሉ ግርጌ መጻፍ ውሉን አያጸናውም። ውሉ የሚጸናው ሕጉ የሚጠይቀውን ሲያሟላ ነው፤ ሕጉ ምን እንደሚጠይቅ የሚታወቀው ደግሞ ከአንቀጹ ንባብ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤቶች፣ በተለይም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ለአንቀጹ ከሰጡት ትርጉም ጭምር ነው።

ይህ ጽሑፍ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በንግድ ውሎች አዘገጃጀት ላይ ያላቸውን ውጤት በተጨባጭ ምሳሌዎች ያብራራል። የተጻፈው ውል ለሚያዘጋጁና ለሚፈርሙ ነጋዴዎች፣ የድርጅት ኃላፊዎችና ለማንኛውም ፍላጎት ላለው አንባቢ ሲሆን፣ በተለየ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የሕግ ምክርን የሚተካ አይደለም።

የሰበር ውሳኔ ለምን አስገዳጅ ሆነ?

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ንዑስ አንቀጽ 3 (ሀ) የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር ችሎት የማረም ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ሥልጣን በመጀመሪያ የሚመለከተው በተያዘው ጉዳይ የሚከራከሩትን ወገኖች ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ግን ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ የሚገኙ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደረገ። በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይህንኑ ያስቀጠለ ሲሆን፣ ችሎቱ ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም መለወጥ ሲያስፈልግ ከሰባት ባላነሱ ዳኞች እንዲታይ አድርጓል።

ለውል አዘጋጁ ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል በነበረ ክርክር የተሰጠ ውሳኔ ነገ በእርሱ ውል ላይ ተፈጻሚ ሊሆን መቻሉ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ፍርድ ቤት ሕግን ሲተረጉም አዲስ ሕግ እያወጣ ሳይሆን የነበረው ሕግ ምን ማለት እንደሆነ እየተናገረ ስለሆነ፣ ትርጉሙ ከውሳኔው በፊት የተፈረሙ ውሎችን ሊነካ ይችላል። ውሉ ሲፈረም ተገቢ መስሎ የታየ አሠራር ክርክሩ በሚሰማበት ቀን በቂ ሆኖ ላይገኝ ይችላል።

ምዝገባ፦ በመዝገብ ቁጥር 21448 የተሰጠው ውሳኔ

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን የሚመለከተው ክርክር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ ፈራሽ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 1723 በበኩሉ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ ሆነው በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገቡ ይጠይቃል። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጥያቄ ይነሣል። ምዝገባው ለውሉ መኖር የግድ አስፈላጊ ነው? ወይስ በሻጭና በገዢ መካከል ጽሑፉ በቂ ሆኖ፣ ምዝገባው የሚያስፈልገው ሦስተኛ ወገኖችን ለመቃወም ብቻ ነው?

በተግባር ብዙ ሰዎች ሁለተኛውን አቋም ይዘው ሲሠሩ ኖረዋል። ሻጭና ገዢ በምስክሮች ፊት ይፈርማሉ፤ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ቁልፍ ይረከባሉ፤ ስም ማዛወሩ ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል። ሰበር ሰሚ ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ግን በአንቀጽ 1723 የተመለከተው ሥርዓት የውሉ መጽኛ ሁኔታ መሆኑን ወሰነ። በሕግ የታዘዘው ፎርም ካልተሟላ፣ በአንቀጽ 1720 መሠረት ያለው ነገር ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም።

የውሳኔውን ክብደት ለመረዳት አንድ ነጋዴን በምሳሌነት እናንሣ። ነጋዴው ለሱቅና ለመጋዘን የሚሆን ሕንፃ በጽሑፍ ውል ገዝቶ፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ፣ ውሉን ሳያስመዘግብ ለዓመታት ሠርቶበታል እንበል። በእነዚህ ዓመታት የሕንፃው ዋጋ እጥፍ ድርብ ሆነ። ሻጩ ውሉ አልተመዘገበምና ይፍረስልኝ ብሎ ቢከስና ቢረታ፣ በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ሁኔታ ይመለሳሉ። ይህም ማለት ሻጩ ሕንፃውን፣ ገዢው የከፈለውን ገንዘብ ይረከባሉ ማለት ነው። ገንዘቡ ግን ሲከፈል የነበረውን ያህል የሚገዛ ገንዘብ አይደለም። ሕጉን ያልጠበቁት ሁለቱም ሆነው ሳለ፣ ጉዳቱ ያረፈው በአንደኛው ላይ ብቻ ነው። የውሳኔው ተቺዎች አጥብቀው ያነሡት ይህንኑ ነው። ትችቱ ያለ ምክንያት የተሰነዘረ አይደለም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ምዝገባ አንድን ቤት ለሁለት ገዢ ከመሸጥና መሰል ማጭበርበር የሚጠብቅ መሆኑ አይካድም።

ከዚያ በኋላ በቀረቡ ጉዳዮች ችሎቱ የትርጉሙን ስፋት በመጠኑ ገድቦታል። የውሉን መደረግ ያመነ ተዋዋይ የምዝገባ ጉድለትን ብቻ ምክንያት አድርጎ ከግዴታው ሊያመልጥ እንደማይገባ የሚያሳይ አቋም ተወስዷል። ነገር ግን ይህ ለገዢው መተማመኛ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱም ጥበቃው የሚወሰነው ተከራካሪው በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። ሻጩ ቢሞትና ወራሾቹ ስለ ውሉ አናውቅም ቢሉ ገዢው ወደ መጀመሪያው ችግር ይመለሳል።

የሕግ አውጪው ምላሽም የዚህ ታሪክ አካል ነው። አንቀጽ 1723 የመያዣ ውልንም የሚሸፍን በመሆኑ፣ የምዝገባው ግዴታ በጥብቅ ሲተረጎም የባንኮች የመያዣ ውሎችም ለጥያቄ ተጋለጡ። በመሆኑም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 639/2001፣ ባንክ ወይም አነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ለሚሰጠው ብድር ዋስትና የሚደረግ የመያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንደማያስፈልገው ደነገገ። ልዩነቱ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። የተጠቀሱት ባንክና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ናቸው። ለሌላ ነጋዴ ዕቃ በዱቤ የሚሰጥና በምትኩ ሕንፃ በመያዣነት የሚቀበል አቅራቢ በዚህ ልዩ ድንጋጌ ሊጠቀም አይችልም።

ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚነካ የንግድ ውል ሲዘጋጅ፣ ክፍያን ከምዝገባ ጋር ማያያዝ ተገቢ ነው። ከዋጋው ከፍተኛው ክፍል ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ተረጋግጦ በተመዘገበ ጊዜ እንዲከፈል ቢደረግ፣ የፎርሙ ጉድለት የሚያስከትለው አደጋ በገዢው ላይ ብቻ አይወድቅም። ምዝገባ ለማይጠየቅባቸው፣ ነገር ግን በጽሑፍ እንዲሆኑ በሕግ ለታዘዙ ውሎችም ቢሆን፣ በአንቀጽ 1727 መሠረት የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ማረጋገጫ አስፈላጊ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

«ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል»

የአንድ ሐረግ ትርጉም በውሳኔ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ሌላው ጉዳይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ነው። ነጋዴዎች አለመግባባታቸው በግልግል እንዲታይ ሲስማሙ፣ የግልግል ዳኞች የሚሰጡት ውሳኔ የመጨረሻ እንደሚሆን ይጽፋሉ። የሚፈልጉትም ግልጽ ነው፤ ክርክሩ ቶሎ እንዲያልቅና ወደ ፍርድ ቤት እንዳይመለስ።

ሰበር ሰሚ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21849 ይህን የተዋዋዮች ፍላጎት አክብሮ፣ ተዋዋዮች የመጨረሻ ይሁን ብለው የተስማሙበት የግልግል ውሳኔ በሰበር ሊታይ አይገባም የሚል አቋም ወስዶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 42239 ግን አቋሙን ለወጠ። በዚህ ውሳኔ መሠረት ተዋዋዮች ይግባኝን በስምምነት ሊያስቀሩ ቢችሉም፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን በሰበር የማረም ሥልጣን ግን በግል ስምምነት የሚቀር አይደለም። በዚህም የተነሣ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ተጽፎ የኖረው «የመጨረሻ ይሆናል» የሚለው ሐረግ፣ አንድም ፊደል ሳይቀየር፣ ትናንት የነበረውን ኃይል ዛሬ አጣ።

የለውጡ ውጤት በአገር ውስጥ ነጋዴዎች ብቻ አልተወሰነም። በ2010 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 128086፣ ከኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መሥመር እድሳት ጋር በተያያዘ ለውጭ ሥራ ተቋራጭ ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የወሰነው የግልግል ውሳኔ ለችሎቱ ቀርቦ ተሽሯል። ጉዳዩ በዓለም አቀፍ የግልግል ባለሙያዎች ዘንድ ሰፊ ውይይት አስነሥቷል። አንድ የውጭ ድርጅት ከኢትዮጵያ ኩባንያ ጋር ሲደራደር ግልግሉ የት ይካሄድ የሚለው ጥያቄ ላይ ለምን እንደሚጠነክር መረዳት የሚፈልግ፣ ከዚህ ውሳኔ ቢጀምር ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ጉዳዩ አሁን የሚገዛው በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። የአዋጁ አንቀጽ 49 ሁለት የተለያዩ መነሻዎችን አስቀምጧል። ተዋዋዮች በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ አይቀርብም። በሰበር ረገድ ግን መነሻው ተቃራኒ ነው፤ ተዋዋዮች በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የሚባል ውሳኔ በሰበር ሊታይ ይችላል። ዝምታ ይግባኝን ይዘጋል፤ ሰበርን ግን ክፍት ይተዋል።

ስለሆነም ሰበርን ማስቀረት የሚፈልጉ ተዋዋዮች «የመጨረሻ ይሆናል» በሚለው አሻሚ ሐረግ መተማመን የለባቸውም። «በግልግል ውሳኔው ላይ ይግባኝም ሆነ የሰበር አቤቱታ እንዳይቀርብ ተስማምተናል» ብለው በግልጽ መጻፍ ይኖርባቸዋል። ይህን ከመጻፍ በፊት ግን በእርግጥ ይህን ይፈልጉ እንደሆነ ሊያስቡበት ይገባል። የሕግ ስህተት ያለበትን ውሳኔ የማሳረም መንገድ መዝጋት የሚያስከትለው ዋጋ አለ፤ ግልግሉ ሲጀመር የትኛው ወገን ተረቺ እንደሚሆን ማንም አያውቅም። በተጨማሪም የግልግል ውሳኔ እንዲሻር የሚቀርብ አቤቱታ ከይግባኝም ከሰበርም የተለየ መንገድ መሆኑ፣ አዋጁም በግልግል ሊታዩ የማይችሉ ጉዳዮችን መዘርዘሩ መታወቅ አለበት። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ የአስተዳደር ውል በሕግ ካልተፈቀደ በስተቀር በግልግል ሊታይ የማይችል በመሆኑ፣ ከግል ድርጅት ጋር ከተደረገ ውል ተገልብጦ የሚገባ የግልግል አንቀጽ በእንዲህ ያለው ውል ውስጥ ዋጋ ላይኖረው ይችላል።

የዋጋ መናርና «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል»

ዳኞች ሊያደርጉ የማይችሉትን ማወቅም ውል ለማዘጋጀት ይጠቅማል። የዕቃ ዋጋ በድንገት ሲንር ወይም የምንዛሬ ተመን ሲለወጥ፣ ጉዳት የደረሰበት ተዋዋይ ፍርድ ቤቱ ውሉን እንዲያስተካክልለት መጠየቁ የተለመደ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1764 ግን የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ሆኗል በሚል ምክንያት ብቻ ዳኞች ውሉን እንዳይለውጡ ይከለክላል። አንቀጽ 1794 ደግሞ ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት ወይም መውረድ፣ እንዲሁም የባለዕዳውን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሆኖ እንደማይቆጠር ይናገራል። አንቀጽ 1733 በዚህ ላይ የውሉ ቃል ግልጽ በሆነበት ሁኔታ ዳኞች ከቃሉ ወጥተው የተዋዋዮችን ሐሳብ በትርጉም እንዳይፈልጉ ያዛል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ብር ከዶላር አንጻር በአጭር ጊዜ ውስጥ በእጅጉ ሲወርድ፣ ከውጭ የሚያስመጣውን ማሽን በቋሚ የብር ዋጋ ለማስረከብ ግዴታ ገብቶ የነበረ አስመጪ የገጠመው ችግር በትክክል ይህ ነው። ውሉ ስለ ዋጋ ማስተካከያ የሚለው ነገር ከሌለ፣ «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» የሚለው መከራከሪያ ከሕጉ ድንጋጌ ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው ያለው በውሉ ውስጥ ነው። ሕጉ ዳኛውን ቢከለክልም ተዋዋዮች ራሳቸው ስለ ለውጡ አስቀድመው እንዳይስማሙ አልከለከለም። የትኛው ባንክ በየትኛው ቀን ያወጣው ተመን መነሻ እንደሚሆን፣ ልዩነቱ ከስንት በመቶ ሲያልፍ ዋጋው እንደሚከለስ፣ በክለሳው መስማማት ካልተቻለ ውሉ ያለ ካሳ ይቋረጥ ወይም ይቀጥል እንደሆነ በቁጥርና በቀን መጻፍ ያስፈልጋል። «ተዋዋዮች በቅን ልቦና ይነጋገራሉ» የሚል አንቀጽ ብቻውን ለዳኛው የሚሠራበት መለኪያ አይሰጠውም።

ቀብድ፣ መቀጫ፣ ዋስትና

አንድ ቃል የሚያስከትለው ልዩነት በቀብድ ላይ ይታያል። በሽያጭ ውል የሚከፈል የመጀመሪያ ገንዘብ ያለ ልዩነት «ቀብድ» ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» እየተባለ ይጻፋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ከውሉ ሊወጣ ይችላል። ገዢው የዕቃው ዋጋ እየጨመረ ባለበት ገበያ «ቀብድ» ብሎ ሲጽፍ፣ ሻጩ እጥፉን መልሶ ዕቃውን ለሌላ እንዲሸጥ በር ከፍቶለታል። ከፊል ክፍያ መሆኑ ከተፈለገ ይኸው በግልጽ ይጻፍ፤ ገንዘቡ ከውሉ ለመውጣት የሚያስችል ቀብድ አለመሆኑም ይገለጽ።

የመቀጫ ወይም በተለምዶ «ገደብ» የሚባለው ገንዘብ ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ይገዛል። መቀጫው የሚከፈለው ጉዳት መድረሱ ባይረጋገጥም ነው፤ በአንጻሩም በክፉ ልቦና ወይም በከባድ ጥፋት ካልሆነ በስተቀር ከመቀጫው በላይ ካሳ ሊጠየቅ አይችልም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው፤ ዝቅተኛ ገደብ አጥፊውን ከመቅጣት ይልቅ ለኃላፊነቱ ጣሪያ ያበጅለታል። በሚሊዮኖች በሚቆጠር ውል ላይ ውል አፍራሹ «ለውል አክባሪ ብር 10,000፣ ለመንግሥት ብር 5,000» ይከፍላል ብሎ መጻፍ ከልማድ የመጣ እንጂ የታሰበበት አይመስልም። በእርግጥ ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ዳኞች መቀጫውን ሊቀንሱ እንደሚችሉ አንቀጽ 1893 ይፈቅዳል።

ዋስትናን በሚመለከት በአንቀጽ 1922 መሠረት የዋሱ ኃላፊነት የሚደርስበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ የዋስትናው ውል ዋጋ የለውም። «ላለበት ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ፊርማ ተቀብሎ ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ አከፋፋይ በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ድርጅቶች አስቀድመው አትመው የሚያስፈርሟቸው ውሎችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በአንቀጽ 1686 መሠረት የአንደኛው ወገን አጠቃላይ የንግድ ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት ይህ ወገን አውቋቸው ሲቀበል ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የታዘዙ ወይም የጸደቁ ሲሆኑ ነው። በደረሰኝ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመ ቃል በዚህ መለኪያ ሊጸና የሚችለው በጥቂቱ ነው።

ውሳኔዎቹን ማንበብና የቆዩ ውሎችን ማስተካከል

የሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ውሳኔዎች በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተከታታይ ቅጾች ታትመው የሚወጡ ሲሆን በኤሌክትሮኒክ መንገድም ይገኛሉ። ሲነበቡ ርዕሱን ብቻ አይቶ መደምደም አይገባም። የውሳኔው አስገዳጅነት ከተነሣው የሕግ ጥያቄና ከተረጋገጠው ፍሬ ነገር ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በቤት ሽያጭ ላይ የተሰጠ ትርጉም ለማሽን ኪራይ ያለ ምርመራ አይወሰድም። ቀጥሎም ትርጉሙ በኋላ በተሰጠ ውሳኔ ወይም በወጣ አዋጅ ተለውጦ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከላይ የታዩት ሁለቱ ታሪኮች እንደሚያሳዩት፣ በመሃል ላይ ያለውን ውሳኔ ብቻ ያነበበ ሰው ምንም ካላነበበው ባልተሻለ ሁኔታ ሊሳሳት ይችላል።

የረጅም ጊዜ ውል ያላቸው ድርጅቶች፣ ለምሳሌ የሕንፃ ኪራይ፣ የወኪልነት ወይም የአቅርቦት ውል ያላቸው፣ ከ2013 ዓ.ም. በፊት የተፈረሙ የግልግል አንቀጾቻቸውን አሁን ካለው ሕግ ጋር ማስተያየት ይኖርባቸዋል። ማሻሻያ ሲያስፈልግ ግን በደብዳቤ ልውውጥ ወይም በቃል መስማማት ላይበቃ ይችላል። በአንቀጽ 1722 መሠረት በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም ነው። በመሆኑም ተመዝግቦ የነበረ ውል ማሻሻያውም መመዝገብ ይኖርበታል፤ በሁለት ምስክሮች የተረጋገጠውም እንዲሁ ምስክሮች ይፈርሙበታል።